ውሃ የሚጠጣው ኮምፒውተር

በአንድ ወቅት፣ ያ ወቅት ደግሞ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ካለፈ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፣ ከደጋው ግርጌ በተኛች አንዲት የቆላ ከተማ የአሸዋ ዳር እድር የሚባል እድር ነበረ። ዛሬም አለ። እኔ የዚያ እድር ድንኳን ተካይ ነኝ። ነገሩን የምነግራችሁ ጀግና ስለነበርኩ አይደለም፤ ሲበዛ ፈሪ ነኝ። ግን ፈሪ ሰው ጥሩ ያያል፣ ዓይኑ አያርፍማ። መጀመሪያ ስሙኝ፣ በኋላ እንደልባችሁ ትከራከራላችሁ።

ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለ። ወንዝ እላለሁ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ባለቤት ነኝ ባይ የለውም፤ ስለዚህ የድሃው ገበያ እዚያው አሸዋው ውስጥ ነው። በግራም በቀኝም የድንጋይ ግንብ አለ፤ ወደ ላይ የሚያወጣው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ዝናቡ እኛ ላይ አይዘንብም። ደጋው ላይ ይዘንብና፣ እኛ እዚህ ፀሐይ እየጠበሰን፣ ውሃው ይመጣል። ደራሽ እንለዋለን። ድምፁን ስትሰሙት እግራችሁ ሥር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የኛው ለማሳሳቅም ጊዜ የለው።

ወይዘሮ ትርንጎን ደራሽ ባሏንና ወንድ ልጇን በአንድ ከሰዓት ወስዶባታል። ያን ጊዜ ከእድራችን አሥራ አንድ ሰው ነው የቀበርነው፤ ያገኘነውን ማለቴ ነው። ለትርንጎ የተረፈቻት ጀርባዋ ላይ ያዘለቻት ማርዳ ብቻ ናት። ማርዳ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የፕላስቲክ ጫማ ትሸጣለች። የት? አሸዋው ውስጥ። እናቷ ለምናታለች፣ አልቅሳባታለች፣ ሽማግሌ ሰብስባ አስመክራታለች። ማርዳ መልሷ አንድ ነው፤ ሌላ ቦታ ማን ያስጠጋኛል እማዬ፣ ደግሞስ ደራሽን የሚነግረን ማሽን አለ አይደል ትላለች። ምን ታድርግ? ትርንጎ በየቀኑ ትመጣና ከደረጃው አናት ላይ ትቀመጣለች። ልጇን ቁልቁል እያየች ትውላለች። ከእሷ ጋር ለሰላምታ ስንቆም እንኳ ዓይኗን ከአሸዋው አታነሳም ነበር።

ድሮ ከደራሽ የሚያስጠነቅቀን የእድሩ ጡሩንባ ነበር። ጡሩንባ ነፊያችን ጋሽ ደምለው ይባላል፣ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። እኛ ጋ አንቱታ አይበዛም፤ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፣ ንቀት አይደለም። ጋሽ ደምለው ተራራውን አይቶ፣ ነፋሱን አሽትቶ ይነፋ ነበር፤ ስንቴ አድኖናል። አንድ ዓመት ግን ተሳሳተ። ገበያው ተተራመሰ፣ ደረጃው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተረግጣ ፅንሷን አጣች፤ ውሃው ግን የለም። ከዚያ ወዲያ እድሩ ደራሽን የሚያሰላ ኮምፒውተር አስገብቶ ሕግ አወጣ። ኮምፒውተሩ ካልተናገረ ጡሩንባ አይነፋም፤ የነፋ ከእድር ይሰረዛል። ከእድር መሰረዝ ማለት ስትሞት የሚቀብርህ የለም ማለት ነው፤ ለእኛ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።

ኮምፒውተሩን ያስቀመጥነው ከግንቡ አናት ባለው የእድሩ ዕቃ ቤት ነው፤ ከድንኳኑ፣ ከአግዳሚ ወንበሩና ከቃሬዛው ጋር። ደጋው ላይ በአምስት ቦታ ዝናብ የሚለኩ ሳጥኖች አሉ። የለኩትን በስልክ መስመር ይልካሉ፣ ኮምፒውተሩ ደራሹ ምን ያህል እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አስልቶ ይናገራል። ስሌቱን የሚሠራው በሆዱ ውስጥ ያለ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር ነው። ካርድ ስላችሁ ተፍቆ የሚጣለው የሞባይል ካርድ አይደለም፤ ጡብ ያክላል፣ ሦስት ፋን አለው፣ ሌላ እንደሱ ያለ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። ካርዱ ጤነኛ ሲሆን ስሌቱ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ያልቃል። ያለ ካርዱ አራት ሰዓት ይፈጃል። ውሃው ደግሞ ከደጋው ተነስቶ አሸዋው ላይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ይችን ሒሳብ ብቻ ያዙልኝ።

እንግዲህ ካርዱ ሙቀት አልቻለም። የኛ ሚያዝያ ሰውም አይችለው። ፋኖቹ አቧራ ይጠጣሉ፣ የሚነፉት አየር ራሱ እሳት ነው፤ ካርዱ ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ራሱን ላለማቃጠል ድርግም ይላል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተራራው ላይ ደመና እያለ ጠፋብን። ሁለቱንም ጊዜ ውሃ አልመጣም፤ እግዜር ነው የጠበቀን። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው፣ የቧንቧ ውሃ ሲንሿሿ እንኳ እደነግጥ ነበር።

ያኔ ነው ረምላ የተነሳችው። ረምላ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ እጇ የማይገባበት ዕቃ የለም፣ ምላሷም እንደ እጇ ነው። ካርዱ በአየር አይሆንም፣ በውሃ ይቀዝቅዝ አለች። ብሎክ የሚባል የመዳብ ሰሌዳ አለ፤ ፋኖቹ ተነስተው እሱ ካርዱ ላይ ይታሰራል። በብሎኩ ሆድ ውስጥ ውሃ ያልፋል፣ ሙቀቱን ይዞ በቱቦ ይወጣል፣ በራዲያተር በርዶ ይመለሳል። ልክ እንደ መኪና ሞተር። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ከአሸዋው በኩል ዞራ፦

«ከውሃ የሚያድነን ነገር ሆድ ውስጥ ውሃ ልትጨምሩ ነው?» አለች።

ሁላችንም በሆዳችን ያልነውን ነው የተናገረችው።

እድሩ ብሎክ ለመምረጥ ተሰበሰበ፤ ሦስት ሐሳብ ቀረበ። ረምላ ለዚያ ካርድ ተብሎ የተሠራውን አመጣች። ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል፤ የሚያስበውን ክፍል ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ክፍሎችም ያቀዘቅዛል። በውስጡ ውሃው የሚያልፍባቸው ቦዮች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ቦዩ በቀጠነ ቁጥር መዳቡ ውሃውን ይበልጥ ይነካል፣ ሙቀቱም ቶሎ ይለቃል አለች። በዚህ ብሎክ ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን ቢያወጣ እንኳ ከስድሳ ዲግሪ አያልፍም።

ጉርሜሳ ራዲያተር ጠጋኝ ነው፤ በጋራዥ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ሲበይድ የኖረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። የረምላን ብሎክ ወደ ፀሐይ አንስቶ በቦዮቹ አየና አስቀመጠው። የዚህን ከተማ ውሃ ታውቁታላችሁ አለ። አዎ እናውቀዋለን፤ ማንቆርቆሪያችን ሁሉ ሥሩ ነጭ ድንጋይ ነው፣ በዓመት አንዴ በመዶሻ እንቀጠቅጠዋለን። ይህች ቦይ በአንድ ወር ትታነቃለች አለ ጉርሜሳ። ከመኪና ራዲያተር መዳብ በእጁ የሠራውን ብሎክ አወጣ፤ መልኩ አስቀያሚ ነው፣ ቦዮቹ ግን ጣት ያስገባሉ። የፈለጋችሁትን ውሃ ጨምሩበት፣ አይዘጋም። ሆኖም የሚሸፍነው የካርዱን መሃል ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዙም ደከም ያለ ስለሆነ ካርዱ በዝግታ መሥራት አለበት። ስሌቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ መሆኑ ይቀርና አርባ ይሆናል።

ጋሽ ደምለው ደግሞ ብሎክ የሚባል ነገር አልፈልግም አለ። አንዱ ይታነቃል ትላላችሁ፣ ሌላው ያዘግማል ትላላችሁ፤ እኔ አፍንጫ አለኝ፣ ጡሩንባዬን መልሱልኝ። የተረገጠችው ሴት ባል ከኋላ ተነስቶ ወጣ። በሩን አልዘጋውም፤ ጋሽ ደምለውም ተቀመጠ።

እጅ ተቆጠረ፣ የረምላ ብሎክ አሸነፈ። እኔም እጄን ለሷ ነው ያወጣሁት፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ይሻላል ብዬ። ጉርሜሳ አስቀያሚውን ብሎኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ። አኮረፈ። ማኩረፉንም አልደበቀም፣ ለሰላምታ እንኳ እጁን የሚሰጠን በግድ ነበር።

ረምላ ሥራዋን እንደ ሰው ሠራች፣ አልዋሽም። ከየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አንጥፋ፣ ኮምፒውተሩን ሳታበራ ቀኑን ሙሉ ውሃውን ብቻ አዞረች፤ አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ሶፍቱ እንዲናገር። ደረቅ ሆኖ ዋለ። ከዚያ የባትሪ ውሃ ከሚሸጥበት ሱቅ የተጣራ ውሃ ገዝታ፣ እንዳይሻግት መድኃኒት ጠብ አድርጋበት ሞላች። ካርዱ ሃምሳ ሦስት ዲግሪ ላይ ቆመ፤ ያውም በቀትር። እድሩ አጨበጨበላት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግቢው ውስጥ ለሚኖረው ለጋሽ ደምለው ተሰጠ። ረምላ የመስታወቱን የውሃ ታንክ አሳየችው፤ ውሃው ከዚህ መስመር በታች እንዳይወርድ፣ ከወረደ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ አየር ይስብና ያልቅልሃል አለችው። የትኛው ውሃ እንደሚጨመር አልነገረችውም። ለሷ ግልጽ ነበራ።

የከተማችን ሙቀት በቱቦው በኩል ሳይቀር ውሃውን ቀስ እያለ ይመጠዋል። ጋሽ ደምለው አንድ ቀን ሲያይ መስመሩ ላይ ደርሷል። ረምላ ጋ ደወለ፣ አላነሳችም። ጠበቀ፣ እንደገና ደወለ። ፓምፑ ያጉረመርማል። ሰውዬው ፈራ፣ አዘነም፤ እኛ አገር ውሃ የጠማውን ከልክሎ የሚተኛ የለም። ከሚጠጣበት እንስራ በጣሳ ቀድቶ ጨመረለት። ማጉረምረሙ ቆመ። ደስ አለው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንደ ጥገት ላም ያጠጣው ጀመር፣ ለማንም መናገር አስፈላጊ መስሎ አልታየውም። ሦስት ወር።

ጉርሜሳ አንድ ቀን የእድሩን ብረት ድስት ሊበይድ መጥቶ ታንኩን አየው። መስታወቱ ላይ ነጭ ቀለበት ተስሏል። ሠላሳ ዓመት ራዲያተር የጠገነ ሰው ያን ቀለበት ሲያይ ምን እንደሆነ ይጠፋዋል? አልጠፋውም። ግን ከንፈሩን ነክሶ ወጣ። በኋላ ራሱ በአደባባይ ሲናገር፣ መጥተው ይለምኑኝ ብዬ ነው አለ። ይህ የሆነው ደራሹ ከመምጣቱ ከስምንት ቀን በፊት ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቅዳሜ ነበር፤ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የደጋው ሳጥኖች አምስቱም ከባድ ዝናብ ላኩ፤ ከዚያ በፊት አምስቱ አንድ ላይ ልከው አያውቁም። ረምላ ዕቃ ቤት ነበረች፣ እኔም ወንበር ስቆጥር ነበርኩ። ስሌቱ ተጀመረ። ሙቀቱ ሃምሳ መሆን ሲገባው ሰባ ሆነ፣ ሰማንያ ሆነ፣ ዘጠና አልፎ ድርግም አለ። እንደገና አስነሳችው፣ እንደገና ጠፋ። ብሎኩን በእጇ ነካችውና እጇን ሰበሰበች። ወደ ታንኩ ጎንበስ ስትል ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት። ጋሽ ደምለውን፦

«ምን ውሃ ነው የጨመርክበት?» አለችው።

«የምጠጣውን» አላት።

አልጮኸችበትም። ሄዳ ቃሬዛው ላይ ተቀመጠች። ሰው ሳይሞት ቃሬዛ ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ለጉርሜሳ ደወለች። የኩርፊያ ነገር አላነሳችም፤ ድረስልኝ ብቻ አለችው።

ጉርሜሳ ስምንት ሰዓት ላይ እየሮጠ ደረሰ። ብሎኩ ይፈታ፣ ይታጠብ አለ። ረምላ ከተፈታ ሰዓቱን በላነው፣ እንደዚሁ እያጠፋሁ እያስነሳሁ ልሞክር አለችው። በዚህ ዓይነት አያልቅም፣ ቦዩ ሞቷል አላት። ከዚያ ፈቃዷን ሳይጠብቅ ማብሪያውን አጠፋ። ልብ በሉልኝ፤ ደጋው ላይ ዝናብ እየወረደ፣ አሸዋው ላይ ሕዝብ ሞልቶ ሳለ፣ ያለንን አንድ ዓይን በእጁ አጠፋው። ብሎኩን ፈትቶ ሲከፍተው ውስጡ እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ነገር ነበር። ኮምጣጤ አፍልቶ ይቀቅለው ጀመር፤ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል፣ በአፉ ይነፋል፣ እንደገና ይነክራል።

ጋሽ ደምለው ጠረጴዛው ላይ የተበታተነውን ማሽን ቆሞ አየ። ጥፋቱ የሱ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ገብቶታል። ጡሩንባውን ከምስማሩ አወረደ። ሕጉን አትርሳ አልኩት። ወጥቶ ከግንቡ ጫፍ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ። በኋላ እንደነገረን የራሰ አፈር ሸቶታል፤ ግን ያን የተሳሳተ ጊዜም ይኸው አፈር ነበር የሸተተው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነፋ።

ከሦስት እጅ ሁለቱ ሕዝብ ዕቃውን ጥሎ ወደ ደረጃው ሄደ። አንድ እጁ አልሄደም። ማሽኑ መፈታቱ አስቀድሞ ተወርቷል፤ ወሬ እንደሆነ ደረጃ አይፈልግም። ቦጋለ የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ ሽማግሌው ፈርቶ ነው፣ ማሽኑ መቼ ተናገረ ብሎ ሚዛኑን ማስተካከል ቀጠለ። ማርዳም አልሄደችም። ማሽኑን አምና ያደገች ልጅ ናት፤ ማሽኑ ካልተናገረ አልሄድም አለች። ትርንጎ ከደረጃው አናት ሆና ጠራቻት፣ እጇን አወናጨፈችባት። ከዚያ ሕዝቡ ወደ ላይ ሲወጣ እሷ በግንቡ በኩል እየተፈገፈገች ወደ ታች ወረደች። ያቺ ለአሥራ ስምንት ዓመት አሸዋውን ያልረገጠች ሴት። ልጇን ክንዷን ይዛ ትጎትታለች፣ ልጅቷ ጫማዎቿን ትሰበስባለች፣ እናቲቱ ታለቅሳለች። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ከላይ ሆኜ ነው። ወደ ታች አልወረድኩም፤ ነግሬአችኋለሁ፣ ፈሪ ነኝ።

በዚህ መሃል ጉርሜሳ ብሎኩን ከግማሽ በላይ አጽድቶ መልሶ አሠረው፤ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ሆነ። ረምላ ስሌቱን አስጀመረች። ሙቀቱ ወጣ፣ ግን ቀስ ብሎ ወጣ። ሰባት ደቂቃ ሄዶ ዘጠና ደረሰ፤ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ካርዱ ሊጠፋ ሲል ረምላ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርገውን ገደብ አነሳችው። ይቃጠላል አላት ጉርሜሳ። ይቃጠል አለችው። ካርዱ ከተቃጠለ ሌላው እስኪገኝ ወራት ነው፤ የቀረውን የክረምት ተስፋ ሁሉ በአንድ ስሌት ላይ አወራረደችው። ክፍሉ የላስቲክ ጢስ ሞላው። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ካርዱም በዚያው አበቃ። ቁጥሩ ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ ከፍታው ሰው በሁለት ሰው ላይ ቢቆም የማይደርስበት። የቀረው አሥር ደቂቃ ነው።

ረምላ ግንቡ ላይ ወጥታ፦

«ማሽኑ ተናግሯል፣ አሥር ደቂቃ» አለች።

ያኔ የቀረው ተነሳ። ማርዳም ተነሳች። ደረጃው ሕዝቡን በአንድ ጊዜ የሚችል አይደለም፤ ቀድሞ የወጣው ስለወጣ ነው ቦታ የተገኘው። ትርንጎና ማርዳ ከመጨረሻዎቹ ውስጥ ነበሩ። የማርዳ እግር የመጨረሻውን ድንጋይ ሲለቅና ውሃው ሲደርስ መሃሉን አንድ ሰው ተንፍሶ አይጨርሰውም። ድንጋይ፣ ግንድ፣ የመኪና ጎማ ይዞ ነው የመጣው፤ መሬቱ በእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ቦጋለ ሚዛኑን ሊያነሳ ተመልሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከታች ከሸንኮራ እርሻው አገኘነው፤ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ጆሮ ስጡኝ፣ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ከወራት በኋላ ሌላ ካርድ ተገኘ። አንድ ካርድ፣ ተለዋጭ የሌለው። የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ሊጀምር አንድ ሳምንት ሲቀረው እድሩ ካርዱ የትኛውን ብሎክ እንደሚለብስ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንደሚሆን ለመወሰን ተሰበሰበ። ቁልፉን ያገኘ የራሱ ሐሳብ ይጸናለታል። ሦስቱም ተነስተው ተናገሩ።

ረምላ፣ ጥፋቱ የብሎኩ አይደለም፣ የውሃው ነው አለች። ያው ብሎክ ይታሰር፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር ይሁን፣ ከእኔ በቀር ማንም ውሃ አይንካ። ገደቡን አንስቼ ባላስጨርስ ኖሮ ቁጥሩ አይወጣም፣ ቁጥሩ ባይወጣ ደግሞ አንድ እጁ ሕዝብ አሸዋው ላይ ይቀር ነበር። እውነቷን ነው። የውሃውን ነገር አንዲት ቃል ለሽማግሌው ነግራው ቢሆን ኖሮ ግን ማንም ወደዚያ ባልደረሰ።

ጉርሜሳ፣ ጥፋቱ የብሎኩ ነው አለ፤ ሰው ሊሳሳትበት የሚችል ነገር ሰው ይሳሳትበታል። የእኔን ቦዩ የማይዘጋውን እሰሩ፣ አርባ ደቂቃውን ታገሱት። ማሽኑን አጥፍቼ ብሎኩን ባላጥብ ኖሮ ረምላ የምታቃጥለው ነገር አይኖራትም ነበር። እውነቱን ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ግን ያን ነጭ ቀለበት አውቆ ዝም ብሏል።

ጋሽ ደምለውን ሕጉን ጥሶ ነፋ ብሎ ሊሰርዘው የደፈረ የለም። ሲናገር ድምፁ አይሰማም፣ ዝም በሉ እየተባባልን ነው የሰማነው። ውሃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ቦጋለም በእኔ ነው የሞተው ብትሉኝ አልከራከርም አለ። ግን ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ማን ነፋ? ሁለቱ እጅ ቀድሞ ባይወጣ ያ ደረጃ በአሥር ደቂቃ ማንን ያወጣ ነበር? ሕጉን አንሱልኝ፤ ስፈራ ልንፋ። እውነቱን ነው። አሥር ጊዜ ፈርቶ አሥር ጊዜ ቢነፋ ግን በአሥራ አንደኛው ማን ይነሳለታል?

ክርክሩ አልበርድ አለ። ከወንዱ ግማሹ ረምላ ይላል፣ ግማሹ ጉርሜሳ፣ ሴቶቹ ደምለው። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ቁልፉን አንስቶ ለወይዘሮ ትርንጎ ሰጣት። ማርዳ ደራሹ ባለፈ በሳምንቱ ወደ አሸዋው ተመልሳለች፤ ሌላ የምትሄድበት የላትም። ስለዚህ አንቺ ፍረጂ፣ እኛ የፈረድሽውን እንቀበላለን አላት።

ትርንጎ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠች። ማን አዳነ ብላ አልጠየቀችም። ሦስቱንም በየተራ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻቸው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ልጄ አሸዋው ላይ ስትቀመጥ የምትፈሩት ምንድን ነው አለቻቸው።

«ሰው እፈራለሁ» አለች ረምላ። «ብሎኬ አንድ ደግ ሰው ቢነካው ይሞታል። ሰው እንዳይነካው ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ልጠብቀው አልችልም።»

«ሰዓት እፈራለሁ» አለ ጉርሜሳ። «የእኔ ብሎክ ይደርሳል። ግን ውሃው ከአርባ ደቂቃ በፊት የሚመጣበት ቀን ካለ፣ ያን ቀን አይደርስም።»

«ራሴን እፈራለሁ» አለ ጋሽ ደምለው። «የማሸተው ዝናቡን ይሁን የቦጋለን ሞት፣ አሁን መለየት አቅቶኛል።»

ትርንጎ ሰማቻቸው። እናትየው ስትዳኝ ማርዳ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ትርንጎ ግን አንዱንም ገና አልመረጠችም። በመስኮቱ በኩል ተራራው ይታያል፤ አናቱ ላይ ጥቁር ነገር ተቀምጦበታል። ቁልፉ እስካሁን የትርንጎ እጅ ውስጥ ነው።

እኔን አትጠይቁኝ፣ እኔ እጄን አንዴ አውጥቼ ያየሁትን አይቻለሁ። እናንተ ግን ቤታችሁ ተቀምጣችኋል፣ እግራችሁ ደረቅ ነው፣ አጥርታችሁ ማሰብ ትችላላችሁ። አሸዋው ላይ የተቀመጠችው የእናንተ ልጅ ብትሆን፣ ሌላ ልጅም ባይኖራችሁ፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?